ሚስ ፓክማን ከሶኬት እስከ ስክሪን፦ የድሮ አርኬድ ማሽን ቤት ውስጥ ለመጠገን

የድሮ አርኬድ ማሽን (ሳንቲም እየተከተተ የሚጫወቱበት ትልቅ የቪዲዮ ጌም ሳጥን) ገዝቶ ቤዝመንቱ ያስገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ እጁን የሚሰድደው ወደ ቀለም ነው። ቀጥሎ ወደ ስክሪኑ። ሁለቱም መነሻ አይሆኑም። ቀለሙ የትም አይሄድም። ስክሪኑ ደግሞ ከማሽኑ ሁሉ አደገኛው ክፍል ነው። ሞተ የተባለ ማሽን ብዙውን ጊዜ የሞተው በተቃጠለ ፊውዝ፣ በዛገ ማገናኛ ወይም በላላ ሽቦ ነው። ስለዚህ ከግድግዳው ሶኬት እንነሳና ኤሌክትሪኩ በሚሄድበት መንገድ እየተከተልን ወደ ውስጥ እንገባለን።

ለምሳሌ የያዝኩት ሚስ ፓክማንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ሚድዌይ የተባለ ኩባንያ ያወጣው ይህ ማሽን አሜሪካ ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ተሰርቷል። በዚህ ምክንያት ዛሬም እንደ ልብ ይገኛል፤ መለዋወጫውም አይጠፋም። አመጣጡም ደስ ይላል። ከኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ትተው የወጡ ወጣቶች ያቋቋሙት ጄኔራል ኮምፒውተር የሚባል ትንሽ ኩባንያ፣ በፓክማን ማሽን ላይ የሚሰካ ማሻሻያ ቦርድ ሰርቶ ነበር። ስሙንም «ክሬዚ ኦቶ» ብለውት ነበር። ሚድዌይ ሥራውን ወሰደው፤ ገጸ ባሕሪዋም ሪባን አስራ ሚስ ፓክማን ሆነች። ይህን የማነሳው ለወግ ብቻ አይደለም። ዛሬ ማሽኑን ስትከፍቱ የምታገኙት የፓክማን ቦርድ ላይ በሪባን ሽቦ (ሰፋ ባለ ጠፍጣፋ ሽቦ) የተሰካች ተጨማሪ ትንሽ ቦርድ ነው። ብዙ ጣጣ የሚመጣው ከእሷ ነው።

የእናንተ ማሽን ጋላጋ ወይም ዶንኪ ኮንግ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ አይለወጥም።

ስትገዙ

ሻጩ «ባለፈው ዓመት ይሰራ ነበር» ካላችሁ፣ አይሰራም ብላችሁ ዋጋ ቁረጡ። ቢሰራማ አብርቶ ያሳያችሁ ነበር። የማይሰራ ማሽን መግዛት ምንም ክፋት የለውም፤ ውስጡ ሙሉ ይሁን እንጂ። የኋላውን በር አስከፍቱ። ታች ትራንስፎርመርና የፊውዝ መደዳ ይኖራል፤ ከዚያ ዋናው ቦርድ፤ ከላይ ደግሞ ኋላው ያበጠው የድሮው ዓይነት ስክሪን። «ቁልፉ ጠፍቷል» ለሚል ሻጭ መቆለፊያውን በድሪል መብሳት ቀላል ሥራ ነው። ውስጡን ሳታዩ ግን ገንዘብ አትክፈሉ።

ከተከፈተ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ ዋናው ቦርድ የራሱ ነው ወይ የሚለው ነው። ብዙ ማሽኖች ውስጣቸው ወጥቶ 60 ጌም ባንድ ላይ የያዘ ርካሽ ቦርድ ተገጥሞላቸዋል። እኔ በዚህ ላይ ግትር ነኝ፤ የራሱ ቦርድ ያለውን ማሽን አውጥቶ ብዙ ጌም የሚያጫውት ቦርድ መክተት ጥፋት ነው። ቀድሞ የተቦረቦረ ከሆነ ግን ነጻ ናችሁ። የዚያ ዓይነት ቦርዶች በብዛት የሚጠቀሙት ጃማ የሚባለውን እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ ባለ 56 ፒን የሽቦ ስታንዳርድ ስለሆነ ለጀማሪ ቀላል ናቸው።

ስክሪኑን ጠፍቶ ሳለ በጎን በብርሃን እዩት። የፓክማን ቤተሰብ ማሽኖች ለዓመታት ቀን ከሌት በርተው ስለኖሩ የመንገዶቹ መስመር መስታወቱ ላይ ታትሞ ይቀራል። ይህ አይታከምም፤ ግን ሲበራ ብዙም አያስቸግርም፤ ዋጋ ለማስቀነሻ ያገለግላል። ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ ታቹን እዩ። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ካበጠ፣ ማሽኑ ጎርፍ ያየ ቤዝመንት ውስጥ ነበር ማለት ነው። የውስጡንም ብረት ለዝገት ፈትሹ።

ጠረጴዛ የሚመስል፣ ከላዩ መስታወት ያለው ዓይነትም አለ። ፒዛ ቤቶች ውስጥ የተለመደው እሱ ነበር። ለጠባብ ቤት ይመቻል። ችግሩ እኛ ቤት ከገባ ረከቦት ማስቀመጫ መሆኑ አይቀርም። ቡናው መስታወቱ ጠርዝ ላይ ከፈሰሰ የሚወርደው ቀጥታ ወደ ውስጥ ነው።

ቆሞ የሚጫወቱበት ሚስ ፓክማን ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ጎማ ያለው ዕቃ መጫኛና ጠንካራ ቀበቶ ያዙ፤ ቢያንስ ሁለት ሰው ሁኑ። ሲጫን ቢቻል እንደቆመ ይጓዝ።

መሣሪያና ደንብ

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ ካቻቢቴዎች፣ ፒንሳ፣ ሶልደር ማድረጊያ ከነሊዱ (ቀልጦ የሚያጣብቀው ብረት)፣ 91 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አልኮል፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ነጭ ላጲስ፣ ማርከር። በተጨማሪም ስልካችሁ። ማንኛውንም ሽቦ ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፤ ከቅርብም ከራቅ ብሎም።

ደንቡ አጭር ነው። ማሽኑ ተከፍቶ ሳለ ልጆችና ውሻ ክፍሉ ውስጥ አይግቡ። ቀለበት፣ ሰዓትና የአንገት ሐብል አውልቁ። ሶኬቱ ተነቅሎ በዓይናችሁ ካላያችሁት እንዳልተነቀለ ቁጠሩት። የማሽኑን ማጥፊያ ብቻ አምኖ እጅ መክተት አይቻልም።

ከምንም በፊት አቧራውን በቫኪዩም ምጠጡ፤ ማስክ አድርጉ። የአርባ ዓመት አቧራ፣ የአይጥ ጎጆ፣ የደረቀ በረሮ፣ አንዳንዴም ታች ወድቀው የቀሩ ኳርተሮች (የሩብ ዶላር ሳንቲሞች) ታገኛላችሁ። ኳርተሩ የእናንተ ነው። አይጥ የበላው ሽቦ ካለ አሁን ነው ማየት ያለባችሁ።

መጀመሪያ፦ ኤሌክትሪኩ

ሶኬቱ ሦስት እግር አለው? የድሮ ባለቤቶች ባለ ሁለት ቀዳዳ ግድግዳ ላይ ለመሰካት ብለው የግራውንዱን (የመሬት መስመሩን) እግር ይቆርጡታል። እንዲህ ያለውን ገመድ ሙሉ በሙሉ ለውጡት። በአሜሪካ ገመድ ጥቁሩ ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ነው፣ ነጩ መላሹ፣ አረንጓዴው ግራውንድ። ከለወጣችሁ በኋላ ሳትሰኩት መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ በሶኬቱ የግራውንድ እግር፣ ሌላውን በሳንቲም መክተቻው የብረት በር ላይ ንኩ። ቁጥሩ ወደ ዜሮ ካልቀረበ ግራውንዱ የሆነ ቦታ ተቋርጧል። ልጆቻችሁ እጃቸውን የሚያሳርፉት እዚያ ብረት ላይ ነውና ይህን ሳትጨርሱ ወደ ሌላ አትለፉ።

ቀጥሎ ፊውዞቹ። በዓይን አይታመኑም። መስታወቱ ጥርት ብሎ የሚታይ ፊውዝ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። አንድ በአንድ አውጥታችሁ በመልቲሜትር ለኩ። የምትተኩት በአምፔርም በዓይነትም ያው መሆን አለበት፤ ቀስ ብሎ የሚቃጠል የተባለውን ፈጣን በሆነው አትተኩ። የባሰው ደግሞ ፊውዙ እየተደጋገመ ሲቃጠል ከፍ ያለ አምፔር ማስገባት ወይም በአልሙኒየም ወረቀት ጠቅልሎ መክተት ነው። እንደዚህ የተሰራ ማሽን ካጋጠማችሁ ሽቦዎቹን በሙሉ ተጠራጠሩ። የፊውዙ መያዣ ራሱም ይዝጋል፤ ጸደይነቱም ይላላል። በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ ጥረጉት፤ ካልያዘ ለውጡት።

አዲሱ ፊውዝ ወዲያው ከተቃጠለ ገንዘብ አትጨርሱ። የዋናውን ቦርድ ማገናኛ ንቀሉና ሞክሩ። አሁንም ከተቃጠለ ስክሪኑን ንቀሉ። የቱ ሲነቀል ፊውዙ እንደቆየ ካወቃችሁ ጥፋተኛው ተገኘ። ሁሉም ተነቅሎ የሚቃጠል ከሆነ ነገሩ ትራንስፎርመሩ አካባቢ ነው።

ማሽኑ ጨርሶ ካልበራ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ብዙ ማሽኖች የኋላ በር ላይ በሩ ሲከፈት ኤሌክትሪክ የምትቆርጥ ትንሽ ማብሪያ አለች። በሩ ክፍት ከሆነ አይበራም። ለጥገና ወደ ውጭ ስትጎተት ትበራለች። ስትጨርሱ ወደ ቦታዋ መልሷት፤ ያለችው ለእናንተ ደኅንነት ነው።

ከዚያ፦ ቦርዱና ማገናኛው

እዚህ ጋ ቀስ በሉ። ግማሹ ጥገና እዚህ ነው ያለው።

የፓክማን ቦርድ አንድ የተለየ ጠባይ አለው። 5 ቮልቱን ተሰርቶ ከውጭ አይቀበልም። ከትራንስፎርመሩ ዝቅተኛ ኤሲ ይገባለትና ራሱ ላይ አስተካክሎ ዲሲ ያደርገዋል። ይህ ሁሉ ኃይል የሚያልፈው ባለ 44 ፒን በሆነው የጠርዝ ማገናኛ በኩል ነው። ፒኖቹ ሲያረጁ ይግላሉ፣ ሲግሉ ይጠቁራሉ፣ ሲጠቁሩ ይበልጥ ይግላሉ። በመጨረሻ ቦርዱ በቂ ኃይል አያገኝም። ሰው ቦርዱ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል፤ የተበላሸው ግን የማገናኛው ፒን ነው።

ማገናኛውን ከመንቀላችሁ በፊት የቱ ጎን ወደ ላይ እንደሆነ በማርከር ምልክት አድርጉ። ተገልብጦ ከተሰካ ቦርዱን ሊገድለው ይችላል። ነቅላችሁ የቦርዱን ጠርዝ በነጭ ላጲስ በእርጋታ ፈግፍጉ፤ ፍርፋሪውን አራግፉ፤ በአልኮል ጥረጉ። ማገናኛው ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር የሆኑ ፒኖች ካሉ ማጽዳት ለሳምንት ያስታግሳል እንጂ አያድንም። አዲስ ማገናኛ ግዙና ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አዛውሩ። አንዱን ሳትጨርሱ ሌላውን አትቁረጡ።

አሁን መልሳችሁ ሰክታችሁ አብሩና 5 ቮልቱን ለኩ። የሚለካው ከማገናኛው ሳይሆን ከቺፑ ላይ ነው። የማሽኑ አንጎል ዜድ80 የሚባለው ባለ 40 እግር ቺፕ ነው፤ ሚስ ፓክማን ላይ የምታገኙት ትንሿ ቦርድ ላይ ነው። 11ኛው እግር ላይ ቀዩን፣ 29ኛው ላይ ጥቁሩን የመልቲሜትር ጫፍ አድርጉ። 5 ቮልት አካባቢ ማንበብ አለበት። ከ4.75 በታች ከወረደ ጌሙ ራሱን እያጠፋ ይነሳል፤ ወይም ስክሪኑ ላይ ትርጉም የሌለው ፊደል ይበተናል። የመልቲሜትሩ ጫፍ ተንሸራቶ ሁለት እግር እንዳያገናኝ እጃችሁን ደገፍ አድርጋችሁ ያዙ።

ቮልቱ ደህና ሆኖ ስክሪኑ አሁንም ዝብርቅርቅ ካለ ወደ ትንሿ ቦርድ ሂዱ። ማሽኑን አጥፉ፤ ሶኬቱን ንቀሉ፤ የሪባን ሽቦውን ከሁለቱም ጫፍ በጥንቃቄ አውጥታችሁ መልሳችሁ ሰኩት። የሪባኑ እግሮች ከጠቆሩ ወይም ሽቦው ከተሰነጠቀ አዲስ ይሸጣል። ቀጥሎ በሶኬት የተቀመጡትን ቺፖች በሙሉ እንዲሁ አድርጉ። በቀጭን ካቻቢቴ ከሁለቱም ጫፍ በየተራ ትንሽ ትንሽ እያነሳችሁ አውጡ፤ እግራቸውን አጽዱ፤ መልሱ። ቺፑ አንድ ጫፉ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ምልክት አለው። አቅጣጫው ከተገለበጠ ቺፑ ይሞታል። ከመንካታችሁ በፊት ግራውንድ ያለው ብረት ንኩ፤ በተለይ ክረምት ምንጣፍ ላይ ቆማችሁ ከሆነ።

የሳንቲም በሩን ስትከፍቱ የሙከራ ማብሪያ ታገኛላችሁ። እሱን ስታበሩ ማሽኑ ራሱን ይፈትሻል፤ የተበላሸ ሜሞሪ ካለም ስክሪኑ ላይ ይናገራል። እንግዲህ መጥፎ ሮም ወይም ራም ብሎ ከጻፈ ያኔ ቺፕ ስለመግዛት ማሰብ ይቻላል።

ስለ ባትሪ አንድ ቃል። ሚስ ፓክማን ቦርድ ላይ ባትሪ የለም። የዊሊያምስ ማሽን ካላችሁ፣ ለምሳሌ ዲፌንደር ወይም ሮቦትሮን፣ ቦርዱ ላይ ሦስት የድንጋይ ባትሪ አለ። ዛሬውኑ አውጡት። አርጅቶ ሲፈስ የቦርዱን መስመሮች ይበላል። የፈሰሰውን በኮምጣጤ በተነከረ ጥጥ ጠርጉ፤ ከዚያ በአልኮል፤ ከዚያ አድርቁ። አዲሱን የባትሪ መያዣ በሽቦ ከቦርዱ አርቃችሁ አስቀምጡ።

ስክሪኑ

ስክሪኑን ከመንካታችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ማሽኑን አብሩና ኳርተር ክተቱ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሳለ የሳንቲሙ ድምፅ ከተሰማ፣ የማስጀመሪያውን ቁልፍ ስትጫኑም ሙዚቃው ከጀመረ፣ ቦርዱ ሕያው ነው። ችግሩ ስክሪኑ ላይ ነው። በኋላ በኩል ደግሞ የቱቦው (ምስሉን የሚያሳየው ትልቁ መስታወት) አንገት ውስጥ ብርቱካንማ ፍም የመሰለ ብርሃን ካለ፣ ቱቦው ራሱ ተስፋ አለው።

አሁን አደጋው። የእነዚህ 19 ኢንች ቱቦዎች ውስጥ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ይከማቻል። ሶኬቱ ተነቅሎም ይቆያል፤ አንዳንዴ ለቀናት። በዚህ ቀልድ የለም። ልባችሁ ካልደፈረ የሚያውቅ ሰው ጥሩ፤ ወይም እሱ ቱቦውን ባዶ አድርጎላችሁ የስክሪኑን ቦርድ ብቻ አውጥታችሁ በፖስታ ለጠጋኝ ላኩ። አሜሪካ ውስጥ በዚህ መንገድ የሚሰሩ ባለሙያዎች አሉ። እኔ ለጀማሪ የምመክረው ይህንኑ ነው።

ራሳችሁ የምትሰሩ ከሆነ አሰራሩ ይህ ነው። ሶኬቱን ንቀሉ። ረጅም ፕላስቲክ እጀታ ያለው ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ያዙ። ሁለት ጫፉ መቆንጠጫ ያለው ሽቦ አምጡና አንዱን ካቻቢቴው ብረት ላይ፣ ሌላውን ቱቦውን በያዘው የብረት ፍሬም ወይም በቱቦው ጀርባ በተዘረጋው የተጎነጎነ ሽቦ ላይ ቆንጥጡ። አንድ እጃችሁን ከጀርባችሁ አድርጉ። ከቱቦው ጎን ክብ የላስቲክ ቆብ አለ፤ ወፍራም ሽቦ የሚገባበት። የካቻቢቴውን ጫፍ ከላስቲኩ ስር አሾልካችሁ ከውስጥ ያለውን ብረት ንኩ። ጧ ሊል ይችላል፤ ዝም ሊልም ይችላል። ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ድገሙት፤ ቱቦው ጥቂት ኃይል መልሶ ያጠራቅማልና። የስክሪኑ ቦርድ ላይ ያለው ትልቁ ካፓሲተርም (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ከመቶ ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል በመልቲሜትር ለክታችሁ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። የቱቦው አንገት ደግሞ ቀጭን ብርጭቆ ነው። በክርን ከተነካ ይሰበራል፤ ከተሰበረ ቱቦው አለቀለት።

በበሽታው ምልክት መድኃኒቱን መገመት ይቻላል። መሐል ላይ አንዲት ደማቅ መስመር ብቻ ካለች የምስሉ መዘርጊያ ክፍል ወድቋል። ሚስ ፓክማን ላይ ስክሪኑ በጎኑ ስለቆመ መስመሯ ቀጥ ብላ ከላይ ወደ ታች ነው የምትታየው፤ መጽሐፉ አግድም ቢላችሁ አትደናገሩ። ብርሃኑን ቶሎ ቀንሱ፤ አለበለዚያ መስታወቱን ታቃጥላለች። ምስሉ ከሞገደ፣ ጠርዙ ከታጠፈ ወይም ከጠበበ ካፓሲተሮቹ አርጅተዋል። አንድ ቀለም ከጠፋ ከቦርዱ የሚመጣውን ሽቦ ተከተሉ፤ ከዚያ አንገቱ ላይ የተሰካችውን ትንሽ ቦርድ እዩ። ምስሉ ወደ ጎን ከተንጋደደ ወይም ከተንከባለለ ግን ጥገናም ላያስፈልገው ይችላል፤ ማስተካከያውን በፕላስቲክ ካቻቢቴ ትንሽ ማዞር ብቻ ነው።

ሚስ ፓክማን ውስጥ በብዛት የምታገኙት ኤሌክትሮሆም ጂ07 ወይም ዌልስ ጋርድነር የተባለ ስክሪን ነው። ለሁለቱም የካፓሲተር ጥቅል ተዘጋጅቶ ይሸጣል፤ ዋጋውም ቀላል ነው። አንድ አውጡ፣ አንድ አስገቡ፤ ሁሉንም ባንዴ አታውጡ። የማይክሮፋራዱ ቁጥር ያው መሆን አለበት፤ ቮልቱ ግን እኩል ወይም ከፍ ያለ መሆን ይችላል። ጎኑ ላይ ያለው መስመር ነጌቲቩን ያሳያል። ተገልብጦ የተሰካ ካፓሲተር ይፈነዳል። እግረ መንገዳችሁን ወፍራም ፒኖች ያሉበትን የሊድ ነጥብ በማጉያ መስታወት እዩ። ዙሪያውን እንደ ቀለበት የተሰነጠቀ ካለ በአዲስ ሊድ አድሱት። ብዙ «የሞተ» ስክሪን የሚነሳው በዚህ ብቻ ነው። የድሮው ሊድ እርሳስ ስላለበት መስኮት ክፈቱ፤ ሳትታጠቡም እንጀራ አትንኩ።

ስክሪኑን ከማሽኑ አውጥታችሁ በቀጥታ ግድግዳ ላይ እንዳትሰኩት። የሚሰራው በመሐል ባለ መነጠያ ትራንስፎርመር በኩል ሲሆን ብቻ ነው። ያለ እሱ ብረቱ ራሱ ኤሌክትሪክ ይሆናል።

ኤልሲዲ ስለመተካት የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። ቱቦው ከሞተ ምርጫ የለም። እስካለ ድረስ ግን አቆዩት። የጌሙ ቀለምና ድምቀት ለዚያ ቱቦ ታስቦ የተሰራ ነው፤ አዲስ የሚያመርት ደግሞ የለም።

ጆይስቲኩ

ይህ ቀላል ነው፤ ልጆችም ሊያግዙ ይችላሉ። ሶኬቱን ንቀሉና የመቆጣጠሪያውን ሰሌዳ ክፈቱ። ከጆይስቲኩ ስር እንደ ቅጠል የሳሱ የብረት ንክኪዎች አሉ። በብርጭቆ ወረቀት አትሞርዷቸው፤ ላያቸው ይላጣል። አልኮል የነካ ወፍራም ወረቀት በመሐላቸው አስገብታችሁ፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ጎትቱ። በወረቀቱ ላይ ጥቁር መምጣቱ እስኪያቆም ድገሙት። ከዚያ በፒንሳ ትንሽ ጠምዘዝ አድርጋችሁ ክፍተቱን አስተካክሉ።

የሚተካ ከሆነ አራት አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ጆይስቲክ ግዙ። ስምንት አቅጣጫ ያለው ከተገጠመ ሚስ ፓክማን መታጠፊያው ላይ ትቆማለች፤ መናፍስቱም ይበሏታል። ልጁ ጌሙን ይጠላል፤ ጥፋቱ ግን የጆይስቲኩ ነው።

ሳንቲም ወይስ ነጻ?

ቦርዱ ላይ ስምንት ትንንሽ ማብሪያዎች በመደዳ አሉ። በእነሱ ነጻ ጨዋታ ማድረግ ይቻላል፤ ሕይወቱንም 1፣ 2፣ 3 ወይም 5 ማድረግ ይቻላል። ተጨማሪ ሕይወት በ10 ሺህ፣ በ15 ሺህ ወይም በ20 ሺህ ነጥብ ይሰጣል፤ ማጥፋትም ይቻላል። ለትንንሽ ልጆች 5 ሕይወት በ10 ሺህ አድርጉት።

በነጻ ጨዋታው ላይ ግን አልስማማም። ነጻ ሲሆን ልጁ ሳይጨርስ ትቶ ይሄዳል። አንድ ሳህን ኳርተር ማሽኑ አጠገብ አስቀምጡ፤ ሲያልቅ ከሳጥኑ አውጥታችሁ መልሱ። የሳንቲሙ ድምፅ ራሱ የጨዋታው አካል ነው። ሳንቲሙ ከተቀረቀረ መክተቻውን አውጥታችሁ በሳሙና ውሃ እጠቡና አድርቁ፤ ዘይት አትቀቡት፤ አቧራ ይሰበስባል። ማሽኑ ሲጠፋ ከፍተኛውን ነጥብ ይረሳል፤ ስለዚህ ደብተር ያስፈልጋችኋል። ያለበለዚያ ወንድማማቾች ሲከራከሩ ዳኛ ትሆናላችሁ።

ሳጥኑ

አሁን ወደ ቀለሙ። የምመክረው ከምታስቡት ያነሰ እንድትነኩት ነው። ሰማያዊው ቀለምና ጎኑ ላይ ያሉት ሥዕሎች በፋብሪካ የተቀቡ ናቸው። ቢቧጨሩም ከአዲስ ተለጣፊ ይልቅ ያምራሉ። የመቆጣጠሪያው ጠርዝ ላይ ሲጋራ ያቃጠለው ቡናማ ጠባሳ ካለ ተዉት፤ ማሽኑ በአንድ ቡና ቤት ውስጥ ወጣትነቱን ያሳለፈ ነው።

በሞቀ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በተጨመቀ ጨርቅ ጥረጉ። ከላይ ያለውን የሚበራውን ስም የተጻፈበት መስታወትና የስክሪኑን ዙሪያ መስታወት ከጀርባ በኩል በምንም ፈሳሽ አትንኩ። ቀለሙ የተቀባው ከጀርባ ነው። አልኮል ወይም አሴቶን ካገኘው ተልጦ ይወርዳል፤ አንዳንዱ በውሃም ይላጣል። የጀርባውን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ብቻ አራግፉ።

ያበጠ ታች ካለ፣ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ አድርቁት። የተላቀቀውን የእንጨት ኮላ አጠጥታችሁ በሁለት ጣውላ መሐል አጣብቃችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት። የጎደለውን የመኪና ስቱኮ ሙሉት፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ፤ ከዚያ ቀለም ቀቡ። ከስር የሚስተካከሉ እግሮች ግጠሙለት፤ እንጨቱ ዳግመኛ ሲሚንቶ እንዳይነካ።

ጠርዙ ላይ ያለው ፕላስቲክ ጥርስ አለው፤ እንጨቱ ውስጥ በተቆፈረ መስመር ይገባል። አዲሱን በላስቲክ መዶሻ መታ መታ እያደረጋችሁ አስገቡ። መታጠፊያ ላይ ጥርሱን በመቀስ ቆረጥ ቆረጥ አድርጉት፤ ካልሆነ ይነሳል።

የት ይቁም?

ከግድግዳው ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ራቅ ይበል፤ ሙቀቱ የሚወጣው ከኋላ ነው። ማግኔት ያለው ትልቅ ስፒከር አጠገቡ አታስቀምጡ፤ ስክሪኑ ጥግ ላይ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ይሆናል። ቤዝመንቱ በጋ ላይ የሚረጥብ ከሆነ እርጥበት መምጠጫ ማሽን ያስፈልጋል። ማብሪያና ማጥፊያው ማሽኑ ጀርባ ስለሆነ፣ ልጆች እጃቸውን ወደዚያ እንዳይሰዱ ቁልፍ ያለው ማከፋፈያ ፊት ለፊት አውጡላቸው። ከጥገና በኋላ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሰዓታት ሰው አጠገቡ ሆኖ ይብራ፤ ማገናኛዎቹን በየመሐሉ አጥፍታችሁ በእጅ ዳሱ። የጋለ ካለ ያልጨረሳችሁት ሥራ አለ።

ወደ አዲስ አበባ ልጫነው የሚል ካለ፣ ማሽኑ የተሰራው ለ115 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው፤ እዚያ ደግሞ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዙ፤ ማሽኑ ጀርባ ከተጻፈው ዋት እጥፍ የሚችል ይሁን። ምስሉን የሚመራው የራሱ ቦርድ ስለሆነ 50 ኸርዙ አያበላሸውም። የውስጡ ትራንስፎርመር ግን በ50 ኸርዝ ይበልጥ ይግላል፤ ለረጅም ሰዓት አታብሩት። የላይኛውን የፍሎረሰንት መብራት በኤልኢዲ ብትለውጡትም ሙቀቱ ይቀንሳል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቱ ስለሚዘል ስታቢላይዘር ጨምሩበት፤ መብራት በሄደ ቁጥርም ማከፋፈያውን አጥፍታችሁ ጠብቁ።